የአያ ሸጉጤ እንግዶች

የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት ሐረግ ከቦኖ ውሃ ቀድታ ስትመለስ፣ አማቷ ወይዘሮ ብርሀንነሽ የቤቱን መቀመጫ ሁሉ አውጥተው ጠረጴዛው ፊት ደርድረውት አገኘች። ሁለቱ በርጩማዎች ከፊት፣ አግዳሚው ከኋላ፣ የተገለበጠው የእርዳታ ዘይት ጣሳ ደግሞ በሩ ጥግ። ሁሉም ወደ ጠረጴዛው ዞረዋል። ጠረጴዛው ላይ ግን ምንም የለም። ራዲዮው ከቤት ከወጣ ስድስት ወር አልፎታል። በቦታው የቀረው የጠረጴዛው ልብስ ላይ ያለው አራት ማዕዘን ምልክት ብቻ ነው፤ ዙሪያውን ፀሐይ አደብዝዞታል፣ መሃሉ ግን ዛሬ ከሱቅ እንደወጣ ቀይ ነው። ሐረግ ጀሪካኗን አስቀምጣ በሩ ላይ ቆመች።

«ምነው እማዬ፣ ሰው ጠርተዋል እንዴ?»

«አያ ሸጉጤ ዛሬ አይደለም?» አሉ ወይዘሮ ብርሀንነሽ፣ አግዳሚውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

አሮጊቷ አልጃጁም። ራዲዮው እንደሌለ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ የወጣ ዕለት በፎጣ የጠቀለሉት እሳቸው ናቸው። እጃቸው በልማድ የጀመረውን ሲጨርስ ነው ያደረጉት ነገር የታወቃቸው፣ ከዚያ በኋላ መልሶ ማንሳቱ አሳፈራቸው። ሐረግም አላነሳችውም። ሁለቱም መቀመጫዎቹን እየዞሩ፣ ጋቢ እያጠፉ፣ ሽሮውን እየጣዱ፣ ስለ እንጨቱ እርጥበት እያወሩ ረፋዱን አሳለፉት። ዶሮ አልገዙም። ገበያው ውስጥ አንድ የከሳ አውራ ዶሮ ስምንት ብር ሲጠራ ሐረግ ሰምታ ነበር የተመለሰችው። ክረምቱ ዘንቧል፣ ገብሱም በየማሳው ለምልሟል ይባላል፣ ግን የለመለመ ገብስ ገና አይበላም፤ ከተማቸው መካነ ሰላም አሁንም የምትኖረው በእርዳታ ስንዴ ነው።

አያ ሸጉጤ በራዲዮ የሚተላለፍ ቀልድ ነው። አብዮቱ አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው አንድ ጊዜ ተቀድቶ፣ ከዚያ ወዲህ በየእንቁጣጣሹ ከምሳ በኋላ ያው ራሱ ይደገማል። አያ ሸጉጤ የሚባል ቋጣሪ ሰው የዓመት በዓል ዕለት እንግዶች ሲመጡበት ይሰማና የዶሮ ወጡን ድስት አልጋ ሥር ይደብቀዋል፤ እንግዳው ደግሞ መጥቶ ቁጭ የሚለው እዚያው አልጋ ላይ ነው። ነገሩ ይኸው ነው። ግን በከተማው ውስጥ ቃል በቃል የማያውቀው ሰው አልነበረም። ሳቁ ቀልዱ ሳይደርስ ይጀምራል። ያልሰማው እንግዳ ከተገኘ እንደ ሙሽራ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ሌላው ሰው ራዲዮውን ሳይሆን የእሱን ፊት እያየ ይስቃል። የሚሰሙትም እዚህ፣ በሐረግ ባል በልብስ ሰፊው በስማቸው ቤት ነበር። ግቢው ሙሉ እስላሙም ክርስቲያኑም ይመጣል፤ ባለሱቁ ጀብሪል ከነሚስቱ ከሩቂያ፣ ብዙነህም የቀበሌ ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊትም ከሆነ በኋላም አንድ ዓመት ቀርቶ አያውቅም።

ልብስ ሰፊው ስማቸው የአያ ሸጉጤን ድምፅ ከራሱ ከተዋናዩ በላይ ይችልበታል ይባል ነበር። እንግዳው አልጋው ላይ እንደተቀመጠ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አድርጎ «ምን ይሸተኛል?» ይላል። ያኔ ራዲዮው ትንሽ ዝም ይላል። በዚያች ዝምታ ውስጥ ስማቸው ከበርጩማው ብድግ ብሎ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ዓይኑን አፍጥጦ «የጎረቤት ነው። የእኛ ቤት ሽታ እንኳን የለውም» ሲል ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ወይዘሮ ብርሀንነሽ በየዓመቱ በዚያች ቦታ «አፈር አይንካህ ልጄ» እያሉ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር።

ባለፈው ጥር ስማቸው የስፌት መኪናውን በአህያ ጭኖ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ገበያ ሄደ። እዚያ ገበያ ላይ ለሰፈራ ሰው በጭነት መኪና ሲጫን ዋለ፤ ስማቸውም አልተመለሰም። ማታ አህያይቱ በጎረቤት እየተነዳች መጣች፤ የስፌት መኪናው ላይዋ ላይ ነበር፣ መርፌው ሥርም አንድ እግሩ ብቻ የተሰፋ የገበሬ ሱሪ እንደተያዘ። ሐረግ ሌላውን እግር በእጇ ሰፍታ ጨርሳ ለባለቤቱ ሰጠችው፤ ሌላ ምን እንደምታደርግ አላወቀችም ነበር። በመጋቢት ረሃቡ ሲጠና ራዲዮውን ለጀብሪል በማሽላ ለወጠችው። ጀብሪል ማሽላውን እንዲያው ውሰጂ ብሏት ነበር፣ እሷ ናት እምቢ ያለችው። በሰኔ ፈንታው የሚባል የለጋምቦ ሰው ከሰፈራው ጠፍቶ በጎጃም በኩል በእግሩ መጣና አንድ ሌሊት እነሱ ዘንድ ተደብቆ አደረ። ስማቸውን አይቶታል። በሕይወት አለ፣ ወባ ይዞት ተሽሎታል፣ ለሰፋሪው ልብስ ይጥፋል። እዚያ ሜዳ መሃል ግንድ ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፣ ራዲዮ ሲለቀቅ ሁሉም ወጥቶ ይሰማል አለ። ሐረግ ከሰውየው ወሬ ሁሉ ይህችን ይዛ ቀረች። የይለፍ ወረቀት ስጡኝና ሄጄ ልየው ብላ ቀበሌ ደጋግማ ተመላልሳ ነበር። ወዶ የሄደ ሰው ነው፣ ቤተሰቡም ከፈለገ ተመዝግቦ ይስፈር ተብላ ተመለሰች። ተመዝጋቢን ደግሞ የሚወስዱት ወደፈለገበት አይደለም።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሐረግ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጀብሪል ቤት ወጣች። ራዲዮውን ለአንድ ሰዓት ልትዋስ ነው። መንገዱ ላይ የቀበሌ ወጣቶች ለማግስቱ የአብዮት በዓል ቀይ ጨርቅ ከግንድ ግንድ እየወጠሩ ነበር። ነገ ሁሉም ሰው ሜዳ ወጥቶ ይሰለፋል፣ የቀረ ይቀጣል። የጀብሪል ሱቅ በበዓል ቀንም አንድ ሳንቃው ተከፍቶ ነበር፤ ጨው፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ከዚህም ከዚያም ተቆጥቦ የመጣ ስኳር። ከሱቁ በስተጀርባ ያለው ክፍል በመጋረጃ ይለያል። ደጃፉ ላይ የተደረደሩትን ጫማዎች ስታይ የብዙነህን ጥቁር ቡትስ ለየችው፤ በከተማው እንደዚያ የሚያብረቀርቅ ጫማ ሌላ የለም። መጋረጃውን ልትገልጥ እጇን ስትዘረጋ የገዛ ባሏን ስም ሰማች።

«ስማቸውማ ወዶ ነው የሄደው» ይል ነበር ብዙነህ፣ አንድ አዲስ የመጣ የግብርና ሠራተኛ ስለ ቀልዱና የአያ ሸጉጤን ድምፅ ያስመስል ስለነበረው ሰው ሲጠይቀው። «መሬት ያገኛል፣ በሬ ይሰጠዋል። ከዚህ ምን ነበረው? አሁን እኛን አያስበንም።»

አንድ ሰው ብርጭቆ አስቀመጠ። ሐረግ እጇን ከመጋረጃው ላይ አወረደች። ወደ ኋላ ልትመለስ ስትል ሩቂያ ከጓሮ በኩል ሳህን ይዛ ወጣችና አየቻት፣ ምን እንደሰማችም ገባት። ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደቻት።

«ከሪም ነው አላህ፣ አትስሚው» አለች ሩቂያ በሹክሹክታ።

«ራዲዮውን ልዋስ ነበር የመጣሁ። ለእማዬ።»

ሩቂያ ባሏን ጠርታ መጣች። ጀብሪል ሲሰማ እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። መጋረጃውን አየ፣ ከዚያ ሐረግን አየ። «ወላሂ ሐረግ፣ ራሴ ተሸክሜ ባደረስኩልሽ ደስ ባለኝ። ግን ሰው ቤቴ ተቀምጧል። እሱም አለ። ከፊቱ አንስቼ ወደ እናንተ ብወስድ ሌላ ነገር ይመስለዋል፤ እኔም የሱቅ ፈቃድ የማሳድሰው እሱ ዘንድ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማን ይዘሻቸው ነይ። ከፊት አስቀምጣቸዋለሁ። ቤታቸው አይደል?»

ሐረግ ቤት ስትደርስ ወይዘሮ ብርሀንነሽ አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ጀብሪል ያለውን ነገረቻቸው፣ የብዙነህን ንግግር ግን ዋጠችው። አሮጊቷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ብዙነህ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው አንቺ ሂጂ» አሉ። «እኔ ከዚያ ልጅ ጋር ተቀምጬ አልስቅም።»

ሐረግ ልትቀር አሰበች። ሽሮውን አቅርባ አብረው ጥቂት ጎረሱ። አሮጊቷ ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ስለ ጎረቤት ጥጃ አወሩ፤ ልጃቸውን ስሙን ከጠሩት ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል፣ ሐረግም እሳቸው ካልጠሩት አትጠራውም። በሁለቱ መሃል ሰውየው ራሱ የተቀመጠ ያህል ቦታ ተትቶለታል። ፀሐዩ ከደጃፉ ወደ ውስጥ መግባት ሲጀምር ግን ሐረግ መቀመጥ አልቻለችም። እዚያ ሜዳ ላይ አሁን ድምፅ ማጉያው ሥር ሰው እየተሰበሰበ ነው። ስማቸውም ስፌቱን አስቀምጦ ይወጣል። እሷ ዛሬ ካልሰማች እሱ ብቻውን ሊሰማው ነው። ከእሱ ጋር በአንድ ጊዜ ልታደርገው የምትችለው ነገር በዓመት ውስጥ ይህ ብቻ ነበር። ተነስታ ነጠላዋን ለበሰች። አሮጊቷም ቀና ብለው አላዩዋትም።

የጀብሪል ክፍል ጠባብ ነው። ምንጣፉ ላይ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ ተቀምጧል፤ በቀኝ በኩል ሴቶቹ፣ በግራ ወንዶቹ። ራዲዮው መደርደሪያ ላይ ነው፣ በላዩ ነጭ የዳንቴል ጨርቅ ለብሷል፤ ሐረግ ስታየው የሰው ልብስ የለበሰ የራሷ ልጅ መሰላት። ብዙነህ ራዲዮው አጠገብ ነበር። ስትገባ አያትም፤ በካልሲ ያለ እግሩን ሰበሰበ። በእሱና በሚቀጥለው ሰው መሃል አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ክፍት ነበር፣ ክፍሉ እንዲያ ተጨናንቆ ያን ቦታ የሞላው ግን የለም። ሐረግ በሩ አጠገብ ከሩቂያ ጎን ተቀመጠች።

ሙዚቃው አለቀና የበር መንኳኳት ተሰማ። «ማነው? ቤት የለንም!» አለ አያ ሸጉጤ። ሰው ሁሉ አብሮት አለ። ሳቁ እንደ ድሮው ተነሳ፣ ሐረግም ሳታውቀው ሳቀች። የግብርና ሠራተኛው ፊት ለፊት ተቀምጦ ግራ ገብቶት ይስቃል፣ ሰዎቹም እሱን እያዩ ይስቃሉ። ሚስትየው ድስቱን የት እንደምታኖረው ጠየቀች። ድስቱ አልጋ ሥር ገባ። እንግዳው ሰላምታ እያበዛ መጣ፣ አልጋው ላይ ቁጭ አለ፣ አልጋው ሲጮህ ተሰማ። የክፍሉም ሳቅ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄደ፤ ሁሉም ምን እንደሚመጣ ያውቃል።

«ምን ይሸተኛል?» አለ እንግዳው።

ራዲዮው ዝም አለ። ጀብሪል መሬት መሬት ያያል። ያን ዝምታ ማንም አልሞላውም፣ ማንም ሊሞላው አልደፈረም። «የጎረቤት ነው» አለ ተዋናዩ በመጨረሻ። «የእኛ ቤት ሽታ እንኳን የለውም።» ሐረግ ያን ቃል ከተዋናዩ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። እስከ ዛሬ በየዓመቱ የስማቸው ድምፅ ይሸፍነው ነበር። ሰውየው እንደ ስማቸው አይጮህም፤ ቀስ ብሎ፣ እንዳፈረ ሰው ነው የሚለው። ካለፈው ዓመት ረሃብ በኋላ ደግሞ ያ ቃል ቀልድ መሆኑ ቀርቶ የእያንዳንዳቸው ቤት ወሬ ይመስል ነበር። አልሳቁም። የግብርና ሠራተኛው ብቻ ጀምሮ አቆመ።

በዚህ መሃል መጋረጃው ተገለጠና ወይዘሮ ብርሀንነሽ ገቡ። ሰው ሁሉ ሊነሳላቸው ተንቀሳቀሰ። «አትነሱ፣ ተቀመጡ» አሉና በሰው ጉልበት መሃል እየተራመዱ ሄደው ያችው ክፍት ቦታ ላይ፣ ብዙነህ ጎን ተቀመጡ። ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። ትንሽ ጊዜ ራዲዮውን ሰሙ። ከዚያ ወደ እሱ ዘንበል ሳይሉ፣ ድምፃቸውንም ከፍ ዝቅ ሳያደርጉ ተናገሩ።

«ብዙነህ።»

«አቤት እማማ።»

«ያን ዕለት ገበያው ላይ ነበርክ አይደል?»

ጀብሪል ራዲዮውን ሊቀንስ እጁን ዘረጋ። «ተወው፣ እየሰማሁት ነው» አሉት አሮጊቷ።

«ነበርኩ» አለ ብዙነህ።

«መኪናው ላይ የት ጋ ነበር?»

ብዙነህ ግራና ቀኙን አየ። ሊቀመንበር ሆኖ ሲናገር ቃል አያጥረውም፤ ስብሰባ ላይ ሲቆም ሰው ጸጥ ያሰኛል። አሁን ግን በካልሲው፣ በሰው ቤት ምንጣፍ ላይ፣ እንጀራቸውን እየበላ ካደገባቸው ሴት ጎን ነው የተቀመጠው። «ከኋላ በኩል» አለ። «ሳንቃው ጋ።»

«ተቀምጦ ነው ቆሞ?»

«ቆሞ። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነበር።»

«አየህ እሱ?»

«አየኝ። ጠራኝ።»

ራዲዮው ውስጥ ሚስትየው እንግዳውን ወደ ደጅ ለማስወጣት ትለፋ ነበር።

«በስሜ ጠራኝ» አለ ብዙነህ። «የማስወርደው መስሎት ነበር። ከአውራጃ የመጡት ሰዎች አጠገቤ ቆመዋል፣ የተባለው ቁጥር ገና አልሞላም። ይህ ሰው ሰፋሪ አይደለም ብል እንግዲያው አንተ ውጣ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እንዳልሰማ ሆኜ ወደ ሌላው መኪና ሄድኩ። ደግሞ ጠራኝ። ከዚያ መኪናው ተነሳ።»

ሐረግ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ቆመች። ልትጮህ የፈለገች መስሏት ነበር፤ ድምፅዋ ሲወጣ ግን የሰከነ ነበር። «ወዶ አይደለም እንግዲህ የሄደው።»

«አይደለም» አለ።

«ነገ የእናንተ በዓል ነው። ከነገ ወዲያ ጠዋት ቢሮ እመጣለሁ። የይለፍ ወረቀቱን ትሰጠኛለህ።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሊቀመንበሩን ያይ ነበር። ጀብሪልም ቀና ብሎ አየው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ብዙነህ የምንጣፉን ክር በጣቱ ሲጎትት ቆየ።

«ነይ» አለ።

«እንግዲህ ዝም በሉ፣ ልስማበት» አሉ ወይዘሮ ብርሀንነሽ።

እስከ መጨረሻው ሰሙት። እንግዳው ምንም እንደማይቀርብለት ሲገባው ይነሳል፤ «ጾም ላይ ከሆናችሁማ ያመጣሁላችሁን ሙክት ይዤ ልመለስ» ይላል፣ ከደጅ የበግ ድምፅ ይሰማል፣ አያ ሸጉጤም እየጮኸ ይከተለዋል። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። አሮጊቷም ፈገግ አሉ፣ እንባቸውንም እንደየዓመቱ ጠረጉ። የሰልፍ ዘፈን ሲጀምር ጀብሪል ራዲዮውን ዘጋው። ሰው አንድ በአንድ፣ ብዙም ሳያወራ እየተነሳ ጫማውን ፈለገ።

ሐረግና ወይዘሮ ብርሀንነሽ ከሱቁ ወጥተው ቀይ ጨርቁ ሥር በዝግታ ሄዱ። ዝናብ ያዘለ ደመና በአምባው በኩል ቆሟል፣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል። ሐረግ ስለ መንገዱ እያሰበች ነበር፤ እስከ ደሴ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲያ አታውቀውም። ፈንታው በዚያ እግሩ ከመጣ እሷም በምትችለው ትደርሳለች። የስፌት መኪናውን ትሸጠዋለች ወይስ ይዛለት ትሄዳለች? አሮጊቷ ድንገት ቆሙ።

«ስማቸው ጠራኝ አለ እኮ።» ስሙን ሲጠሩት ከጥር ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር።

«አዎ እማዬ።»

«ድምፁ እንዴት እንደነበረ አልጠየቅሁትም።»

«ከነገ ወዲያ እጠይቀዋለሁ።»

ወይዘሮ ብርሀንነሽ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ዞረው ወደ ጀብሪል ቤት ተመለሱ። ሐረግ መንገዱ ላይ ቆማ ቀረች። ብዙነህ ሰው ሁሉ እስኪሄድ ጠብቆ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ የቡትሱን ማሰሪያ ያስር ነበር። አሮጊቷ ፊቱ ቆመው አንድ ነገር ሲሉት አየች። ብዙነህ ቀና አለ። ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። አሮጊቷ አልሄዱም፤ እጃቸውን አጣምረው እዚያው ቆሙ። ወደ መንገዱ አየ፣ ወደ ሱቁ አየ፣ ከዚያ ያን ሁሉ ቁመቱን አጥፎ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለ። ሐረግ ከቆመችበት ድምፁን ሰማችው። ያን ዕለት ስማቸው እንደጠራው፣ የሚያውቀውን ሰው ሲያይ እንደሚጣራ ሰው፣ ጫፉ ላይ ሳቅ እንዳለበት፣ ለቀቅ ብሎ የገዛ ስሙን ጠራ።

«ብዙነህ።»

ወይዘሮ ብርሀንነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ድገመው» አሉ።